ፈላስፎች ከሒሳብ ሲዋሱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼና ጎረቤቶቼ ለቡና ቤቴ ይሰበሰባሉ። ግማሹ ፍልስፍና አንባቢ ነው። ግማሹ በስልኩ የሰማውን ይዞ ይመጣል። ፈላስፎች የሒሳብን ሐሳብ ስለሚዋሱበት መንገድ ከአቦል እስከ በረካ የሚነሱት ጥያቄዎች በየሳምንቱ ስለሚመላለሱ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የአውሮፓ ሰዎችን ስጠቅስ ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

አንቱን ይሄ ነገር ለምን ይህን ያህል ያንገበግበዎታል?

በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። አንድ ማረጋገጫ ሠርቶ ሲጨርስ ፊቱ ይበራ ነበር። ታዲያ አንድ ጊዜ ለወጣቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተናጋሪው «እውነት የሚባል ነገር እንደሌለ ጎዴል በሒሳብ አረጋግጧል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጁ በነጋታው መጣና «ታዲያ ማረጋገጫ የምንማረው ለምንድን ነው?» አለኝ።

የሒሳብ ሊቁ ጎዴል እንዲህ ያለ ነገር አላረጋገጠም። ስሕተቱን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ በቂ ነበር። ከልጁ ልብ ለማውጣት ግን ወራት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፈላስፋ ከሒሳብ መዋሱ ራሱ ጥፋት ነው?

በፍጹም። ዴካርትና ላይብኒትስ ፈላስፎችም የሒሳብ ሊቆችም ነበሩ። በ1901 በስብስብ ሐሳብ ውስጥ ቅራኔ አግኝቶ የሒሳብን መሠረት ያናጋው ራስል ፈላስፋ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን የጆርጅ በርክሊን ታሪክ ነው። በርክሊ ፈላስፋም ጳጳስም ነበር። በ1734 ባሳተመው መጽሐፍ የኒውተንን ካልኩለስ፣ የለውጥን ፍጥነት የሚያሰላውን ሒሳብ፣ ሞገተ። ኒውተን በስሌቱ መሐል አንዲት እጅግ ትንሽ መጠን ያስገባል። ሲያካፍልባት ዜሮ አይደለችም። ሲጨርስ ግን ዜሮ ናት ብሎ ይጥላታል። በርክሊ «ይቺ መጠን ምንድን ናት? የሄዱ መጠኖች መንፈስ ናት ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ልክ ነበር። ሒሳብ ዐዋቂዎቹ የረባ መልስ ማግኘት የጀመሩት ከ80 ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1821 ኮሺ ሊሚትን (አንድ መጠን እየተጠጋው የሚሄደውን ቁጥር) በጥንቃቄ ማስቀመጥ ሲጀምር ነው። ቫየርሽትራስ ደግሞ አጠናቀቀው። በርክሊ ስሌቱን አንብቦ፣ ተከትሎ፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር በጣቱ አሳየ። እንዲህ ያለ ፈላስፋ ለሒሳብ ባለውለታ ነው።

ችግሩ ውሰቱ ላይ ሳይሆን አወሳሰዱ ላይ ነው። በሰፈራችን ምጣድ መዋዋስ ያለ ነገር ነው። ጎረቤት ምጣድ ስትዋስ አክንባሎውንም አብራ ትወስዳለች። ምጣዱን ብቻ ይዛ ሄዳ፣ እንጀራው አልበስል ሲላት ምጣዱን ብትወቅስ ማንም አይሰማትም። የሒሳብ ቲዎረምም፣ ማለትም በማረጋገጫ የቆመ የሒሳብ ድምዳሜ፣ አክንባሎ አለው። አክንባሎው «እንዲህ እንዲህ ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። ከሒሳብ የሚዋሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ድምዳሜውን ይወስዱና ቅድመ ሁኔታውን ጥለውት ይሄዳሉ።

እሺ፣ ጎዴል በትክክል ያረጋገጠው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ኩርት ጎዴል ሥራውን ያሳተመው በ1931 ነው። ዕድሜው ገና 25 ዓመት ገደማ ነበር። አንድ የአክሲየም ሥርዓት (ያለ ማረጋገጫ የምንቀበላቸው መነሻ ዐረፍተ ነገሮችና ከእነሱ ማረጋገጫ የምንሠራበት ደንብ) አለን እንበል። አክሲየሞቹ የቱ እንደሆኑ በቁርጥ መመሪያ መለየት የሚቻል ይሁን። እርስ በርሱ የማይጋጭ ይሁን። የሙሉ ቁጥሮችን መደመርና ማባዛት ለመግለጽ የሚበቃ ይሁን። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ፣ በሥርዓቱ ደንብ ልክ ነውም ልክ አይደለምም ተብሎ ሊረጋገጥ የማይችል ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል። የመጀመሪያው ቲዎረም ይኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለ ሥርዓት እርስ በርሱ እንደማይጋጭ በራሱ አቅም ማረጋገጥ አይችልም ይላል።

አሁን አክንባሎውን ተመልከቱ። ማባዛቱን ብናወጣና መደመር ብቻ ብንተው ምን ይሆናል? ፕሬስበርገር በ1929 አሳይቶታል። ያ ሥርዓት የተሟላ ነው። በውስጡ የሚጻፍ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ወይ ይረጋገጣል ወይ ተቃራኒው ይረጋገጣል። በትምህርት ቤት የምንማረውን የዩክሊድ ጂኦሜትሪም ታርስኪ በራሱ አክሲየሞች አስቀምጦ የተሟላ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ «ማንኛውም ሥርዓት ጎዶሎ ነው» የሚለው አባባል ሒሳብ ውስጥ እንኳ ሐሰት ነው። ሒሳብ ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት በሒሳብ ስም እንዴት እውነት ይሆናል?

«ጎዶሎ» የሚለው ቃላችንም ራሱ ያሳስተናል። ጎዶሎ ቁጥር እንላለን፤ ጎዶሎ ቀንም እንላለን። ሁለተኛው ውስጥ ክፉ ዕድል አለ። ስለዚህ «ሒሳብ ጎዶሎ ነው» ሲባል ሰው የሚሰማው ነቀፋ ነው። እኔ ስለዚህ «ያልተሟላ» ማለትን መርጫለሁ። ያልተሟላ ማለት በዚያ ደንብ የማይቆረጥ ጥያቄ አለ ማለት ብቻ ነው። የተረጋገጠው ተረጋግጦ ይኖራል። የፓይታጎረስ ቲዎረም በ1931 ምንም አልሆነም።

ግን ሒሳብ ራሱን ማረጋገጥ ካልቻለ እንዴት እናምነዋለን?

እስቲ ተቃራኒውን አስቡት። አንድ ምስክር ችሎት ቀርቦ «እኔ አልዋሽም» ቢል ምን ይጠቅማል? ውሸታምም ያንኑ ይላል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥርዓት ደግሞ ማንኛውንም ነገር ያረጋግጣል፤ «አልጋጭም» የሚለውንም ጭምር። ስለዚህ አንድ ሥርዓት ስለ ራሱ ቢመሰክር እንኳ ያ ምስክርነት የሚያሳምነን አልነበረም። ከውጭ ሆኖ መመስከር ግን ይቻላል። ጌንትሰን በ1936 የቁጥሮች አክሲየሞች እንደማይጋጩ ከእነሱ ውጭ ያለ መርሕ ጨምሮ አረጋግጧል። ያንን መርሕ የማይቀበል ካለ ክርክሩ እዚያ ላይ ይሁን። እሱ ሐቀኛ ክርክር ነው።

ፈላስፋ በጎዴል ሲሳሳት አንድ ምሳሌ ይስጡን።

ሬጊስ ደብሬ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1981 ባወጣው መጽሐፍ ጎዴልን ወደ ፖለቲካ አመጣው። ማንኛውም የሰዎች ስብስብ በራሱ አባላት ብቻ ተዘግቶ መቆም አይችልም፤ ከውጭ የሆነ፣ ከፍ ያለ ነገር ያስፈልገዋል አለ። ማስረጃው የጎዴል ቲዎረም ነበር።

ሐሳቡ ራሱ እውነት ሊሆን ይችላል። የእኛን ቅሬ፣ ማለትም ዕድራችንን፣ ውሰዱ። መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡ ያላሰበው ጉዳይ ሲመጣ ሽማግሌ ይጠራል። ደንብ ብቻውን እንደማይበቃ የወሎ ገበሬ ጎዴልን ሳይሰማ ያውቀዋል። ግን ቅሬ አክሲየም የለውም። አባላቱ ዐረፍተ ነገሮች አይደሉም። ስለ መደመርና ማባዛት የሚያረጋግጠው ነገርም የለም። ቲዎረሙ የሚፈልጋቸው ነገሮች አንዳቸውም እዚያ የሉም። ታዲያ ደብሬ ከጎዴል ያገኘው ምንድን ነው? ክብሩን ብቻ ነው። «አረጋግጫለሁ» የሚል ክብር። የሒሳብን ክብር ወስዶ የሒሳብን ልፋት መተው ልክ አይመስለኝም።

ሰው ከኮምፒውተር እንደሚበልጥ ጎዴል አረጋግጧል ይባላልስ?

ይህን ያሉት ተራ ሰዎች አይደሉም። ፈላስፋው ሉካስ በ1961፣ ታላቁ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ፔንሮዝ ደግሞ በ1989 ተከራክረውበታል። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ማሽን የአክሲየም ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ሊያረጋግጠው የማይችለው የጎዴል ዐረፍተ ነገር አለ። እኛ ሰዎች ግን ያ ዐረፍተ ነገር እውነት መሆኑን እናያለን። ስለዚህ እንበልጣለን።

የሚሰበረው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው። እኛ የምናየው «ሥርዓቱ የማይጋጭ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው» የሚለውን ነው። «ከሆነ» የምትለዋን ያዟት። ያንንማ ማሽኑም ራሱ ያረጋግጠዋል። ሥርዓቱ አለመጋጨቱን በእርግጠኝነት ማወቅ ደግሞ ለእኛም ቀላል አይደለም።

ጎዴል ራሱ ጠንቃቃ ነበር። በ1951 ባቀረበው ንግግር «ወይ የሰው አእምሮ ከማንኛውም ማሽን ይበልጣል፣ ወይ ደግሞ ለሰው ልጅ ፈጽሞ የማይፈቱ የሒሳብ ጥያቄዎች አሉ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ወይ ይሄ፣ ወይ ያ። ልቡ የመጀመሪያውን ይወድ ነበር። ሆኖም ቲዎረሙ የሚፈቅድለት እስከዚያ ድረስ ብቻ መሆኑን ስላወቀ እዚያው ቆመ። ይህን ሳስብ ለሰውዬው ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ማለቂያ የሌለው ነገር ሁሉን ይይዛል አይደል?

አይይዝም። 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያላችሁ ቁጠሩ። ማለቂያ የለውም። 3 ግን መቼም አይመጣም። «ዩኒቨርስ ማለቂያ ከሌለው የሚሆነው ሁሉ የሆነ ቦታ ሆኗል» የሚለው ክርክር በዚህች በአንድ መስመር ይወድቃል። ሌላ ቅድመ ሁኔታ ካልተጨመረበት በቀር።

በዚህ ጉዳይ የሒሳብ ሊቁን ካንቶርን ማወቅ ጥሩ ነው። በ1874 ማለቂያ የሌላቸው ነገሮች ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ አሳየ። በመስመር ላይ ያሉ ነጥቦች ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ይበልጣሉ። ሃይማኖተኛ ሰው ነበር፤ ከካቶሊክ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም ጋር ተጻጽፏል። ግን የእግዚአብሔርን ፍጹም ወሰን የለሽነት በሒሳብ ከሚለካው ማለቂያ የለሽነት ለይቶ ነው ያስቀመጠው። ስለ አላህ ወይም ስለ እግዚአብሔር የሚናገር ሰው ካንቶርን ሲጠቅስ ይህን መለየት ትቶ እንዳይሄድ አደራ እላለሁ።

ላካን ምን አለ? ለምን ይህን ያህል ይተቻል?

ጀበናው የተቀመጠበትን ማቶት እዩት። ያ ቅርጽ በሒሳብ ቶረስ ይባላል። መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ ዙሪያው ዝግ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ዣክ ላካን በ1966 አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ንግግር የኒውሮሲስ (የአእምሮ ጭንቀት) ሕመምተኛ ሰው ውስጣዊ አወቃቀር ልክ ቶረስ ነው አለ። እንደ ቶረስ ነው ማለቱ አልነበረም። ምሳሌ አይደለም፣ በእርግጥ ያለ ነገር ነው ብሎ አጠነከረው።

«የታመመ ሰው ሐሳቡ እንደ ማቶት ነው፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ መሐሉን ግን አይነካም» ቢል ኖሮ ግሩም ምሳሌ ነበር። እኔም እቀበለው ነበር። «ልክ እሱ ነው» ሲል ግን የሚያስጠይቀው ነገር ይበዛል። የቶረሱ ነጥቦች በሰውዬው ውስጥ ምንድን ናቸው? ሁለት ነጥቦች ቅርብ ናቸው የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ከቶረስ ቲዎረሞች የትኛው ስለ ሕመምተኛው ምን ይነግረናል? ለእነዚህ መልስ አልሰጠም። ስለ ሰው ልጅ ሥቃይ ያየው ነገር ሌላ ቦታ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ግን ሒሳቡ ምንም አልሠራም።

የሶካል ነገርስ?

አላን ሶካል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሆን ብሎ ትርጉም የለሽ የሒሳብና የፊዚክስ ወሬ የሞላበት ጽሑፍ ለአንድ የባህል ጥናት መጽሔት ላከ። በ1996 ታተመለት። ከዚያ ማታለሉን ራሱ አጋለጠ። በዓመቱ ከቤልጅጉ የፊዚክስ ሊቅ ብሪክሞን ጋር ሆኖ የፈላስፎችን ስሕተት የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ይጠቅማል። ማታለሉ የሚያሳየው ግን የዚያን መጽሔት አዘጋጆች ቸልተኝነት ነው። «ፍልስፍና ባዶ ነው» የሚል ድምዳሜ ከዚህ የሚያወጣ ሰው እሱም አክንባሎ ጥሎ የሄደ ነው።

ካንትም ተሳስቷል ይባላል።

የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት ለየት ይላል። በ1781 የቦታን ጂኦሜትሪ ከልምድ በፊት በእርግጠኝነት እናውቀዋለን አለ። በዘመኑ የነበረው ጂኦሜትሪ የዩክሊድ ብቻ ነበር። ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ቦያይ በ1832 ሌላ ጂኦሜትሪ አሳተሙ። በ1915 ደግሞ የአይንስታይን ፊዚክስ በእርግጥ ያለንበትን ቦታ በዩክሊድ ሳይሆን ከእሱ በተለየ ጂኦሜትሪ ገለጸው።

ይህ እንግዳ የሚመስለው ሉል ወስዶ ይሞክር። ከሰሜን ዋልታ ተነሡና በኬንያ በኩል ወደሚያልፈው የምድር ወገብ ውረዱ። በወገቡ ላይ የምድርን ዙሪያ ሩብ ሂዱ። ከዚያ ወደ ዋልታው ተመለሱ። ሦስት ማዕዘን ሠራችሁ፤ ሦስቱም ማዕዘኖች 90 ዲግሪ ናቸው። ድምሩ 270 ነው። ካንት የዘመኑን ሒሳብ አላጣመመም። በዘመኑ የተገኘውን አንድ ዓይነት ጂኦሜትሪ የማይቀየር መሠረት አድርጎ ቤት ሠራበት እንጂ። በዚህ አልፈርድበትም።

እኛን አማርኛ ተናጋሪዎችን በተለየ የሚያሳስተን ነገር አለ?

አለ ብዬ አምናለሁ። ሁለት ነገር።

አንዱ ቅኔ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የማይፈልግ ሰው በእኛ ዘንድ ሰነፍ ነው። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ቲዎረም ላይ ግን ሰሙም ወርቁም አንድ ነው። ከተባለው በታች የተደበቀ የለም። ቲዎረም ሰምቶ «ወርቁ ምንድን ነው?» የሚል ተማሪ አእምሮው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የለመደውን ጥሩ መሣሪያ ያለ ቦታው ማንሣቱ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ከፍ ባሉት ክፍሎች ሒሳብ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቃላቱን ያለ ታሪካቸው እንቀበላለን። «ኢማጂነሪ ቁጥር» ሲባል የሌለ፣ የተፈጠረ ይመስለናል። ስሙን ዴካርት በ1637 ያወጣው እሱም ስላልተማመነበት ነው። ዛሬ ግን የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ኤሌክትሪክ የሚያሰላ መሐንዲስ በየቀኑ ይሠራበታል። «ኬዮስ» ሲባልም ሕግ የለሽ ትርምስ ይመስለናል። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ሎሬንዝ በ1963 ያሳየው ሥርዓት ግን ሕጉ ቁርጥ ነው። ከአንድ መነሻ አንድ መንገድ ብቻ ይወጣል። የሚያስቸግረው መነሻው በጥቂቱ ሲለያይ መንገዶቹ በኋላ በጣም መራራቃቸው ነው። «ሳይንስ ዕጣ ፈንታ እንደሌለ በኬዮስ አረጋገጠ» የሚል ሰው ስሙን ነው የተረጎመው።

ሳነብ ትክክለኛውን ከጥምዝምዙ እንዴት ልለይ?

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቲዎረሙን ሙሉውን በወረቀት እጽፋለሁ፤ «ከሆነ» የሚለውን ሳልዘል። ከዚያ የጸሐፊውን ነገሮች አንድ በአንድ በቲዎረሙ ነገሮች ቦታ አስገባለሁ። ማኅበረሰብ፣ ነፍስ፣ ቋንቋ፣ ምንም ይሁን። የሚገጥም ካጣሁ እዚያ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በመጨረሻ የሒሳቡን ቃል አውጥቼ አንቀጹን እንደገና አነባለሁ። ክርክሩ እንዳለ ከቆመ ሒሳቡ ጌጥ ነበር። ከወደቀ ደግሞ ሒሳቡ ተሸካሚ ነበርና በደንብ ይመረመር።

በዚህ ወንፊት የሚያልፍ ሰው አለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ባድዩ በ1988 «ሒሳብ የህልውና ጥናት ነው» ሲል የስብስብ ቲዎሪን በእርግጥ ተምሮ ነው። አክሲየሞቹን ያውቃቸዋል። ከስብስብ ወደ ህልውና የዘረጋው ድልድይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ አልተሻገርኩትም። ቢሆንም ከእሱ ጋር መከራከር ይቻላል፤ የት ጋ እንደማልስማማ ማሳየት እችላለሁና።

ባሕረ ሐሳብስ? ቁጥሮቹ ምሥጢር የላቸውም?

ይህን የጠየቀኝ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ የሐይቅ ልጅ ነው። በክብር ነው የጠየቀው፤ በክብር እመልሳለሁ።

የበዓላትን ቀን የምናወጣበትን ስሌት አብረን ሠራነው። 2018 ዓ.ም.ን ወሰድን። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ አንሥተን ወንበር 12 ሆነ። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ድምራቸው 30።

«ሁልጊዜ 30 ነው» አለኝ። «ይህ ምሥጢር አይደለም?»

በዓላቱ የተቀደሱ ናቸው፤ እሱን እኔ አልነካም። ድምሩ 30 የሚሆንበት ምክንያት ግን ወረቀት ላይ ይታያል። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ወንበሩን በሁለቱም አባዝታችሁ ስትደምሩ የ30 ብዜት ያገኛችኋል። ሌላ ሊሆን አይችልም። 11ስ ከየት መጣ? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ 365። ልዩነቱ 11 ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «በ19 ያካፈልነውና በ19 ያባዛነው ታዲያ አንድ 19 ነው?» አለ። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። አንድ አይደሉም። የምናካፍልበት 19 ከሰማይ የመጣ ነው፤ በ19 የፀሐይ ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ስለሚገቡ ነው። የምናባዛበት 19 ደግሞ ከ30 ላይ 11 ሲቀነስ የቀረው ነው።